ጤነኛ ነሽ ተብሎ የተፈረደባት

እህቴ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናት። ነበረች ልበል እንጂ፤ ይሄን «ነበረች» አፌ እስካሁን እምቢ ይለኛል። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቅላት በእጄ ነው፤ አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ጠምዝዤ እሸኘዋለሁ። ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር፣ የእሷን የውስጥ ፎቶ እስካይ ድረስ።

እናታችን ከድንበር ማዶ የመጣች ሴት ነበረች። ቤት ውስጥ በእሷ ቋንቋ እንሰደባለን፣ ደጅ ወጥተን በአገሩ ቋንቋ እንጣላለን፤ እንዲህ እያልን አደግን። እኔ በሁለቱም አፌ አያርፍም፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ወሬ ነው። ሚጣ ግን ሌላ ናት። ታናሼ ናት፤ ትልቅ ሴትዮ ሆናም እኔ ሚጣ ነው የምላት። ከልጅነቷ ቃል አታስቀርም። እናታችን ተናዳ ጎረቤት ጋ ስትልካት፣ ስድቡን ከነሳሉ ነበር የምታደርሰው። «እህ እህ፣ አንቺ አይንሽ የማያርፍ» ብላ፣ ሳሉን ሳትቀንስ። ጎረቤቷ በሳቅ ፍርስ ትልና ጠቡ እዚያው ይቀራል። ኋላ ፍርድ ቤት ሲቀጥሯት ባለሁለት ምላሷ አሏት። ለሌላ ሰው ስድብ ነው፣ ለእሷ ግን ማዕረግ ነበር።

ሥራውን ላላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ሰው ይናገራል፣ አንቺ ትደግሚያለሽ፣ አለቀ። ድንቄም አለቀ! የእናታችን ቋንቋ ችኩል ነው፤ ማድረግ አለማድረጉን መጀመሪያ ያፈርጠዋል። «አልሰረቅሁም» ብሎ ይጀምርና፣ ምኑን፣ ከማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ከኋላ እየጎተተ ይሄዳል። የችሎቱ ቋንቋ ደግሞ ግልብጡ ነው። ምኑንም፣ ከማንም፣ የትም ብሎ ብሎ፣ የሰው ሁሉ አንገት ከረዘመ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው «ሰረቅሁ» ወይም «አልሰረቅሁም» የሚለው። እንግዲህ አስተርጓሚ ያቺን «አል» ከመጀመሪያው ቃል ተቀብላ፣ ሌላውን ሁሉ እየተረጎመች፣ እስከ መጨረሻው ይዛ መቆየት አለባት። እኔ ሥራ ላይ መቆንጠጫ በጥርሴ ይዤ ከደንበኛ ጋር አወራለሁ፤ ልክ እንደዚያ ነው። ጥርስሽ ትንሽ ከላላ መቆንጠጫው መሬት ነው። ልዩነቱ፣ የእኔ ሲወድቅ ጎንበስ ብዬ አነሳዋለሁ። የእሷ ሲወድቅ ሰው ይታሰራል።

በሽታው የጀመረው በዓይኗ ነው። አንዱ ዓይኗ ጭጋግ ያዘው። ባሏ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፣ መንገድ እንጂ ሰው የማያይ ሰው፤ «መነጽር ግዢ» አላት። ዓይኗ ተሻላትና ግራ እግሯ ደነዘዘ። «ጫማሽ ጠቦሽ ይሆናል» አላት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ ለእኛ ቤት ነው የተተረተው። ይዣት ሐኪም ቤት ሄድኩ። መመላለሱ በዛ፤ በመጨረሻ ስሙን ነገሩን፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ። ሐኪሙ ሲያስረዳን የኤሌክትሪክ ገመድ አነሳ። የሰው ነርቭ እንደ ገመድ ልባስ አለው፣ የገዛ ሰውነቷ ልባሱን እየላጠው ነው፣ የተላጠበት ቦታ መልእክቱ ይንቀራፈፋል ወይ ይጠፋል አለ። ቀጥሎ «ገና ጅማሬው ላይ ነው የደረስንበት፣ ዕድለኛ ነሽ» አላት። በሞቴ፣ እንዲህ ያለውን ዕድል ለጠላቴም አልመኝም።

ይሄ በሽታ ክፋቱ አለመታየቱ ነው። ሚጣ ተረከዝ ጫማዋን አድርጋ፣ ፀጉሯን እኔ ሠርቼላት፣ ቀሚሷን ተኩሳ ስትወጣ ማን በሽተኛ ይላታል? ደንበኞቼ «እህትሽ ታመመች አልሽ? እንዴ፣ አምሮባት አየኋት እኮ!» ይሉኛል። በሽተኛ ማማር የለበትም መሰለኝ። ካልተንገዳገድሽ ማንም አያምንሽም።

ቤት ውስጥ ግን እኔ ነገሩን እያየሁ ነበር። ወሬ ጀምራ መሃል ላይ ትቆማለች፤ «ምን ልል ነበር?» ትላለች። ይሄ ሁላችንም ጋ አለ። የእሷ የተለየ ነው፤ የጠፋባትን አታውቀውም። ችሎት ላይ ደግሞ ምስክር «ይድገምልኝ» ማለት ጀመረች። አንዴ ሲሆን ማንም አይናገርም። ሲደጋገም ዳኞቹ ፊታቸውን ማጥቆር ጀመሩ፤ የአስተርጓሚዎቹ አለቃ የሆነው የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራርም ቢሮው ጠራት። ሬጅስትራሩ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ «እህቴ» እያለ የሚያርድ ዓይነት ሰው ነው። «እህቴ፣ ይህ ነገር ቸልተኝነት እየመሰለ ነው» አላት።

እሷም እውነቱን ነገረችው። ታምሜያለሁ፣ ወደ ጽሑፍ ክፍል አዛውሩኝ አለችው። ጽሑፍ ክፍል ማለት ሰነድ የሚተረጎምበት ነው። እዚያ ዓረፍተ ነገሩ ወረቀት ላይ ተኝቶ ይጠብቅሻል፤ ቢጠፋብሽ ዓይንሽን መልሰሽ ታገኚዋለሽ። የፈለገችው ይሄንን ብቻ ነበር። ዕድገት አይደል፣ ዕረፍት አይደል፣ ዓረፍተ ነገር የማይሸሽበት አንድ ወንበር። ሬጅስትራሩም «ቦታው አለ» አላት። «ግን በሽታው ለሥራሽ የሚያስፈልገውን አእምሮ እንደነካው የሕክምና ቦርድ ይመስክርልሽ። ካልመሰከረ ጤነኛ ነሽ ማለት ነው። ጤነኛ ሆነሽ ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ይደገምልኝ ካልሽ፣ በቸልተኝነት አሰናብትሻለሁ።»

ያኔ ነው ፕሮፌሰሩ የመጣልን። ከእናታችን አገር የመጣ ሰው ነው፣ ቀጭን፣ የሹራቡ ክርን ያለቀ። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ጥናት ይሠራል፤ በሽታው ገና የጀመራቸውን ሰዎች ጭንቅላት እያሰቡ ሳሉ በኤምአርአይ ፎቶ ያነሳል። የሚፈልገው ያለፈ ዓመት ትዝታ አይደለም። አሁን የሰማሽውን ይዘሽ፣ ሌላ ነገር እየሠራሽ፣ ሳትጥይ የምታቆይበትን ቦታ ነው የሚያየው። ሚጣ ይሄን ስትሰማ እጄን ጨበጠችኝ። «የእኔ ሥራ እኮ ነው የሚያወራው» አለችኝ። ሰውየው ለማወዳደሪያ ጤነኛ ሰውም ይፈልግ ስለነበር፣ «እኔ ምን አለኝ፣ እንደ በሬ ጤነኛ ነኝ» ብዬ ገባሁ።

መጀመሪያ ብረት ሁሉ አውልቂ አሉኝ። ከፀጉሬ የወጣው መቆንጠጫ አንድ ሰሃን ሞላ፤ ነርሷ እስክትስቅ። ከዚያ በጀርባዬ አስተኝተው፣ ፊቴ ላይ የውሻ አፍ ማሰሪያ የሚመስል ነገር ደፍተው፣ ጆሮዬን ደፍነው፣ አንዲት ቁልፍ አስጨብጠው ወደ ዋሻው ገፉኝ። ማሽኑ ሲጮህ ሰካራም ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ የሚያዘንብ ነው የሚመስለው። ፊት ለፊቴ ፊደል ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ሌላ ይመጣል። አሁን የመጣው ከሁለት ፊደል በፊት ካየሁት ጋር አንድ ከሆነ ቁልፉን መጫን ነው። ሀ መጣ፣ ለ መጣ፣ ደግሞ ሀ መጣ፤ ይሄኔ መጫን። ቀላል ይመስላል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ሰው ያብዳል። አንዱን ስትይዢ አንዱ ያመልጣል።

ከመግባቷ በፊት ሚጣን ጥግ ይዣት «ስሚኝ፣ አትትጊ። ዝም ብለሽ ተሳሳቺ፣ ቦርዱ እንዲያምንሽ» ብያት ነበር። ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «ሆን ብዬ ልሳሳት? እኔ?» አለች። «እታለም፣ በሕይወቴ አንድ ቃል ሆን ብዬ አጣምሜ አላውቅም፣ ዛሬ በሽታዬን በውሸት ላስመስክር?» ኧረ ተዉኝ! እልኸኛ እንደሆነች እያወቅሁ እኔም ደግሞ አፌን መክፈቴ። ገብታ እንደ ተማሪ ጥርሷን ነክሳ ሠራችው። ስትወጣ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ከመቀመጫው ለመነሳት እጄን ያዘች። እኔ ስወጣ ርቦኝ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ እኩል ሆንን። በመልስም በፍጥነትም እኩል። እኔ ፊቴ ጠቆረ፣ አለቀልን አልኩ። ፕሮፌሰሩ ግን ፎቶዎቹን አመጣ። የእኔ ጭንቅላት ጨለማ ነው፤ እዚህም እዚያም ብቻ ትንሽ ብርቱካንማ ነገር በርቷል። አፈርኩ። «ባዶ ነው እንዴ?» አልኩት በእናቴ ቋንቋ። ሰውየው በሳቅ ሞተ። «ባዶ አይደለም፣ ሥራው ቀሎልሽ ነው» አለኝ። ከዚያ የሚጣን አስቀመጠው። እናንተ! የግራውም የቀኙም፣ የፊቱም የኋላውም፣ የእኔ ላይ ድርግም ያለው ቦታ ሁሉ የእሷ ላይ ቦግ ብሏል።

«አየሽ» አለኝ፣ «አንቺ በአንድ ሠራተኛ የምትጨርሽውን፣ እሷ ሰፈሩን ሁሉ ጠርታ ነው የምትጨርሰው። ዛሬ ጎረቤቶቹ ይመጡላታል። ሲደክማቸው ግን አይመጡም። ፈተናው አጭር ነው፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ነው የምትሠራው።»

ሚጣ ፎቶውን እያየች አለቀሰች። እኔ ከድንጋጤ መስሎኝ አቀፍኳት። «አይደለም» አለችኝ፣ «አልዋሸሁም ነበር ማለት ነው፤ እውነቴን ነው የደከመኝ።» ሰው በሽታው እውነት ሆኖ ሲገኝ ደስ ብሎት ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማታ ባሏ ሁሉን ሰምቶ ሲያበቃ ያለው ምን መሰላችሁ? «ፈተናውን እኩል አገኛችሁ አይደል? ታዲያ ምኑ ነው በሽታው?» እኔ ሹካዬን አስቀመጥኩ። አንድ መኪና ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እየጮኸ ቢወጣና ሌላው እየዘፈነ ቢወጣ፣ ሁለቱም ደረሱ ብለህ እኩል ናቸው ትላለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሹካውን አፉ ሳያደርስ መለሰው። በራሱ ሙያ ካልመጣሽበት አይገባውም።

ቦርዱ የተቀመጠው በሐኪም ቤቱ የላይኛው ፎቅ ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ ውኃ፣ ግድግዳው ላይ የቆመ ሰዓት። ሰብሳቢው ሸበቶ ሐኪም ነው፤ ከፊቱ የተደረደረውን ሰው ቶሎ ቶሎ መሸኘት የሚፈልግ። ፕሮፌሰሩ ሊመሰክርልን ፎቶዎቹን ይዞ መጣ። የአገሩን ቋንቋ ግን አያውቅም። ሁልጊዜ የምታስተረጉምለት ረዳቱ ያን ቀን ወልዳ ተኝታለች። በከተማው ቃለ መሃላ የፈጸሙት የዚያ ቋንቋ አስተርጓሚዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ችሎት ላይ ነው። ሁለተኛዋ ማን ናት? እዚያው ጠረጴዛው ፊት የተቀመጠችው በሽተኛ ናት።

ሰብሳቢው ሳቀ። «ታዲያ ምን ያስጨንቀናል፣ አስተርጓሚማ ራሷ አለች!» አለ። ሌሎቹም ሳቁ።

«እንዴት ተደርጎ?» አልኩ ብድግ ብዬ። «አእምሮዋ ታመመ ወይ ልትሉ ሰብስባችኋት፣ መልሳችሁ በእሱ ታሠሯታላችሁ? እኔ ቋንቋውን አውቃለሁ፣ እኔ ልተርጉም!»

«እርስዎ ቃለ መሃላ ፈጽመዋል?»

«ፀጉር ነው የምሠራው ጌታዬ፣ ለፀጉር መሃላ የለውም።»

«እንግዲያው ይቀመጡ» አለኝ። ወደ ሚጣ ዞሮም «ካልቻልሽ ቀጠሮ እንለውጥ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሌላ ቀን ይሰጥሻል» አላት። በጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ቆነጠጥኳት። እምቢ በይ ማለቴ ነው። እሷ ግን ያቺን የችሎት ፊቷን አደረገች፤ ጀርባዋ ቀጥ፣ አገጯ ከፍ። ሰው ፊት «አልችልም» ማለት ለእሷ ሞት ነው። «እችላለሁ» አለች።

ፕሮፌሰሩ ስለ ፎቶዎቹ ማብራራት ሲጀምር ሰብሳቢው እጁን አነሳ። ዝርዝሩ ይቅር፤ ለሥራዋ የሚያስፈልገው አእምሮዋ ጤነኛ ነው ወይስ አይደለም፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልስ አለ። ሚጣ ጥያቄውን አንድም ሳታጎድል አስተላለፈች። ፕሮፌሰሩ አሰበ፤ ከዚያ በእናታችን ቋንቋ ተናገረ። በቋንቋው ቅደም ተከተል ላስቀምጠው፦ «ጤነኛ አይደለም የዚህች ሴት አንጎል፣ በመልሷ ብዛትም በፍጥነቷም ከእኩዮቿ፣ አብራት ከተፈተነችው ከገዛ እህቷም ጭምር፣ ምንም ባትለይም።»

ሚጣ ትንፋሽ ወሰደች። ጥርት ባለ፣ ማንም በሚያምነው ድምፅ እንዲህ አለች፦ «የዚህች ሴት አንጎል፣ በመልሷ ብዛትም ሆነ በፍጥነቷ ከእኩዮቿ፣ አብራት ከተፈተነችው ከገዛ እህቷም ጭምር ምንም ስለማትለይ፣ ጤነኛ ነው።»

ሰብሳቢው መጻፍ ጀመረ። እኔ ጆሮዬን አላመንኩም። አንዷን «አይደለም» መንገድ ላይ ጥላት፣ የጎደለውን ደግሞ አእምሮዋ ራሱ ሰፍቶ፣ ስፌቱ እንዳይታይ አድርጎ አወጣው። «ኧረ አላለም!» ብዬ ጮህኩ። «አይደለም ነው ያለው! ጤነኛ አይደለም ነው ያለው!»

«ሴትዮ፣ ዘመድ ነዎት» አለኝ ሰብሳቢው። «ዘመድ አይተረጉምም።» ከዚያ ወደ እሷ፦ «የሰውየውን ቃል በትክክል ተርጉመሻል?»

ሚጣ ወደ እኔ ዞረች። እየዋሸች ቢሆን ዓይኗን አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። አልዋሸችም። የተናገረችውን አምናለች። እንዲያውም በአደባባይ ያዋረድኳት መሰላት። «በትክክል ተርጉሜያለሁ» አለች። «እህቴ ስለምትሳሳልኝ ነው፣ ይቅርታ አድርጉላት።»

ፕሮፌሰሩ ግራ ገብቶት «ምንድን ነው ጩኸቱ? ምን ብለሽ ነገርሻቸው?» አላት በእናታችን ቋንቋ። «ያልከውን» አለችው። ሰውየውም ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ምን ያድርግ፣ አመናት። እኔ ልነግረው አፌን ስከፍት የሐኪም ቤቱ ዘበኛ ክንዴን ይዞ በሩ ላይ አድርሶኝ ነበር። ከበሩ ውጪ በሁለት ቋንቋ ተሳደብኩ፤ አንዱም አልጠቀመኝም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ስትመጣ ግድግዳ አስደግፌ የሰውየውን ቃል አንድ በአንድ ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። ከዚያ ፊቷ ላይ ያለው ደም ሁሉ ወረደ። «እንዲህ ነው ያለው?» አለች። «በእናቴ አጥንት?» «በእናታችን አጥንት» አልኳት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ አፏ የሌላ ሰው የሆነባት ይመስል።

ይግባኝ እንበል አልኩ። ሬጅስትራሩ ዘንድ አብረን ሄድን። ሰውየው አዳምጦን ሲያበቃ ቀስ ብሎ፣ «እህቴ፣ ይግባኙ ምን ሊል ነው? ቃለ መሃላ የፈጸመችው አስተርጓሚ የምስክር ቃል ገልብጣ ተረጎመች ሊል ነው» አለ። «ለምን ገለበጠች ሲባል ታማ ነው ትያለሽ። ቦርዱ ደግሞ ጤነኛ ናት ብሏል። ጤነኛ ሰው የገለበጠ እንደሆነ ሐሰተኛ ነው የሚባለው። ይግባኙ ሳይታይ ፈቃድሽ ይነጠቃል፤ ከከፋም ክስ አለበት።» በሽታዋን ለማሳመን ስህተቷን ማመን አለባት፤ ስህተቷን ካመነች ደግሞ ሥራው አስቀድሞ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ቋጠሮ ያሰረ ሰው እጁ አይባረክ! ባሏ ይሄን ሲሰማ ፎክሮ ተነሳ፤ ቦርዱን እከሳለሁ፣ ሰብሳቢውን አሳየዋለሁ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሚጣ ይግባኝ አላለችም። «ሐሰት ተረጎመች ተብሎ ስሜ ከሚጻፍ፣ እየተጠነቀቅሁ ልሥራ» አለች። ወደ ችሎት ተመለሰች። ቤት ስትገባ ልብሷን ሳታወልቅ ትተኛለች፤ እኔ ጫማዋን እያወለቅሁ፣ ጤነኛ የተባለውን አንጎሏን ትራስ አስደግፈዋለሁ። ሰፈሩን ሁሉ እየጠራች መሥራት ማለት ይሄ ነው፤ ማታ በቤቷ ውስጥ የሚቆም የለም።

አንድ ጠዋት ቀልቤ አላርፍ አለኝና ሱቄን ዘግቼ ችሎት ገባሁ። የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የተከሰሰው የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ መጋዘኑን አቃጥለሃል ተብሎ። ሚስቱ ከፊቴ ተቀምጣ መሀረቧን ትጠመዝዛለች። ዓቃቤ ሕግ የአይን ምስክር ብሎ ያመጣት የድንበር ማዶ ነጋዴ አሮጊት ናት፤ ትንፋሽ የማትወስድ ዓይነት። ዳኛው «ተከሳሹን ጄሪካን ይዞ በጓሮው በር ሲገባ አይተሽዋል ወይ?» ብለው ጠየቁ፤ ሚጣ አስተላለፈች፤ አሮጊቷ ጀመረች። «አላየሁትም» አለች መጀመሪያውኑ፤ ከዚያ ነገሩን ዘረገፈችው። እኔ ሰማሁ። በግልጽ ሰማሁ።

ሚጣ አፏን ከፈተች። «እኔ ያን ቀን ጠዋት፣ ሱቄን ልከፍት ስሄድ፣ ይህንን የመጋዘን ዘበኛ፣ ሰማያዊ ጄሪካን ይዞ፣ ብቻውን፣ በጓሮው በር ሲገባ...»

ቆመች።

ዳኛው ብዕራቸውን ይዘው ጠበቁ። ዓቃቤ ሕጉ ጠበቀ። የዘበኛው ሚስት መሀረቧን መጠምዘዝ አቆመች። ሁሉም ያቺን መጨረሻ ቃል ነው የሚጠብቀው። እኔ አውቃታለሁ፣ ምላሴ ላይ ናት፤ ብተነፍስ ግን አስወጥተውኝ እሷንም ይዘውብኝ ይሄዳሉ። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። «አላየሁትም በይ፣ ሚጣዬ፣ አላየሁትም» እላለሁ በሆዴ።

«ሲገባ ምን?» አሉ ዳኛው።

ሚጣ ወደ ሬጅስትራሩ አየች። እሱም አያት። መገመት ትችል ነበር። ሁለት ቃል ነው፣ አንዱን መጣል ነው፤ ማንም አያውቅባትም፣ ደመወዟም ስሟም ይቆያል። እሷ ግን እጇን አነሳች። አስተርጓሚ ችሎት ላይ ስለ ራሱ ሲናገር «እኔ» አይልም፤ «እኔ» የምስክሩ ነው። «አስተርጓሚዋ» አለች ሚጣ፣ «አስተርጓሚዋ ቃሉን አልያዘችውም። እንዲደገምላት ትጠይቃለች።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አስተርጓሚዋ ታማለች እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ሬጅስትራሩ ብድግ አለ። «ጤነኛ ናት፣ ክቡር ዳኛ። የቦርድ ውሳኔ አለን።»

አሮጊቷ ደገመችው። ሚጣ «ሲገባ አላየሁትም» ብላ ተረጎመች፣ ቃል ሳታስቀር። ከዚያ በኋላ ዓቃቤ ሕጉ ሌላ ምስክር አልነበረውም። ከእረፍት በኋላ ዘበኛውን በነፃ አሰናበቱት። ሚጣን ደግሞ በእረፍቱ ጊዜ አሰናበቷት። መታወቂያዋን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠች፤ ሬጅስትራሩ በሁለት እጁ ተቀበላት፣ ጨዋ ነው።

ውጪ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። እግሯ እንቢ ስላለ ትንሽ እንድታርፍ ነው። ጫማዋን አውልቄ እግሯን አሻሸሁላት። ያኔ ዘበኛውና ሚስቱ ተቃቅፈው ወጡ። እየሳቀም እያለቀሰም ነበር፤ ይገባዋል። በአጠገባችን ሲያልፍ ሚጣን አያትና አወቃት፤ ወደ ሚስቱ ጎንበስ ብሎ፣ ግን እንድንሰማው አድርጎ፣ «አየሻት? ያቺ ደንቆሮ አስተርጓሚ እኮ ልትበላኝ ነበር» አላት።

ደሜ ፈላ። ብድግ አልኩ። የማን ቀን ተበልቶ የእሱ ቀን እንደወጣለት፣ ሚስቱ ፊት፣ መንገደኛው ሁሉ ፊት ልነግረው ነው። ሚጣ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«ተይው እታለም» አለች። «እውነቱን ነው። አየሁት ልል ነበር።»